ሰውን በሙያው የመረጡት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ

በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ የትምህርት ቤት እግር ኳስ ቡድን በሚመረጥበት ጊዜ ክርክር መነሣቱ የተለመደ ነው። አንዱ ለወንድሙ፥ ሌላው ላገሩ ልጅ፥ ሦስተኛው ለክፍል ጓደኛው ይሟገታል። አምበሉ ማን ይሁን የተባለ እንደ ሆነማ ክርክሩ ከሁሉ ይብሳል። ይህ ነገር የልጆች ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ለማስረዳት፥ በተጫዋችነትም፥ ባሠልጣኝነትም፥ በመሪነትም ዘመናቸው ከዚሁ ጥያቄ ጋራ የታገሉትን የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን ሕይወት ዛሬ በአጭሩ ለመተረክ አስበናል።

አቶ ይድነቃቸው በ1914 ዓ.ም. በዕንቍጣጣሽ ቀን በጅማ ተወለዱ። አባታቸው በግጥምና በዜማ ስማቸው የታወቀው፥ ድምፃቸውንም በጀርመን አገር በሸክላ ያስቀረጹት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ልጃቸው ግን በአዲስ አበባ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲማሩ ልባቸው ወደ ኳስ አዘነበለ። በ1928 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በአራዳ ሲቋቋም ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳሉ ተሰለፉ። ከዚያም ወዲህ ለ23 ዓመት ያህል ለዚሁ ክለብ ሲጫወቱ ኖረው፥ በ365 ጨዋታዎች 318 ጎል እንዳገቡ በታሪካቸው ተጽፏል።

ክለቡ በተቋቋመ በጥቂት ወራት ውስጥ የፋሽስት ጦር አዲስ አበባን ያዘ። የጠላት መንግሥት በሥራና በመኖሪያ ያደረገውን የዘር ልዩነት በስፖርትም ላይ አምጥቶ፥ ነጭና ጥቁር ባንድነት እንዳይጫወቱ ከለከለ። ወጣቱ ይድነቃቸው፥ ሰው በችሎታው ሳይሆን በቆዳው ቀለም ሲመደብ ያዩት በዚህ ጊዜ ነው። ነጻነት በ1933 ዓ.ም. ከተመለሰ በኋላ ግን ቅዱስ ጊዮርጊስ ከግሪኮች፥ ከአርመኖች፥ ከኢጣልያኖችና ከእንግሊዝ ጦር ቡድኖች ጋራ በአንድ ሜዳ ይገናኝ ጀመር።

ጥያቄው በየካቲት 1949 ዓ.ም. በካርቱም እንደ ገና ተነሣ። ኢትዮጵያ፥ ግብጽ፥ ሱዳንና ደቡብ አፍሪቃ የአፍሪቃን የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ለማቋቋም ሲሰበሰቡ፥ የኢትዮጵያ መልእክተኛ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ደቡብ አፍሪቃ ለመጀመሪያው የአፍሪቃ ዋንጫ ወይ ነጮች ብቻ ያሉበትን፥ ወይም ጥቁሮች ብቻ ያሉበትን ቡድን እልካለሁ እንጂ የተቀላቀለ ቡድን አልልክም አለች። የቀሩት ሦስቱ አገሮች ይህን አንቀበልም በማለታቸው ደቡብ አፍሪቃ ከውድድሩ ቀረች። የደቡብ አፍሪቃ ተጋጣሚ ኢትዮጵያ ስለ ነበረች፥ ቡድናችን ሳይጫወት ለፍጻሜ ደረሰ።

ነገር ግን በፍጻሜው ግብጽ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ አራቱንም ጎል ያገባው አድ ዲባ የተባለው አንድ ተጫዋች ነበር። በግንቦት 1951 ዓ.ም. በካይሮ በተደረገው ሁለተኛ ዋንጫ ግብጽ እንደ ገና 4 ለ 0፥ ሱዳንም 1 ለ 0 ረቱን። ሦስተኛው ዋንጫ በአዲስ አበባ ሊደረግ ነበርና፥ በሕዝብ ፊት ለሦስተኛ ጊዜ መሸነፍ እንዴት ያለ ኀፍረት እንደሚሆን አንባቢ ይገምተው።

በዚህ ውድድር የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። የቡድኑንም ስም ዝርዝር ስንመለከት ብዙ እንማራለን። ከተሰላፊዎቹ ብዙዎቹ በኤርትራ ተወልደው ያደጉ ነበሩ። በረኛው ጊላሚካኤል ተክለማርያም ነው። ከፊት ደግሞ የጎንደሩ ተወላጅ መንግሥቱ ወርቁ አለ። ሉቻኖና ኢታሎ ቫሳሎ የተባሉት ወንድማማቾች ከኤርትራዊት እናትና ከኢጣልያዊ አባት በአስመራ የተወለዱ ሲሆኑ፥ አምበሉ ሉቻኖ ነበር። በልጅነታቸው በኢጣልያ ሕግ ከነጭ ጋራ እንዳይጫወቱ የተከለከሉት ሰው፥ የኢጣልያዊ ልጅ በአምበልነት የሚመራውን ቡድን ይዘው ለኢትዮጵያ ክብር መቆማቸውን ልብ ይሏል።

ቡድኑ ጥር 6 ቀን 1954 ዓ.ም. ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈ። ከጥምቀት ሁለት ቀን በኋላ፥ ጥር 13 ቀን፥ ከግብጽ ጋራ ለፍጻሜ ተገናኘ። ግብጽ ሁለት ጊዜ መርታ፥ ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ሉቻኖ አቻ አደረገ። በተጨመረው ሰዓት ኢታሎ በ101ኛው፥ መንግሥቱ በ117ኛው ደቂቃ አገቡና ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ዋንጫውንም ሉቻኖ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

አቶ ይድነቃቸው በዚህ ድል አልተኙም። በ1958 ዓ.ም. በእንግሊዝ ለተደረገው የዓለም ዋንጫ አፍሪቃ ለራስዋ የተመደበ አንድ ቦታ እንኳ ባለማግኘትዋ፥ አገሮችዋ ሳይወዳደሩ እንዲቀሩ ከተሟገቱት አንዱ ነበሩ። በ1962 ዓ.ም. በሜክሲኮ ግን አፍሪቃ የራስዋን ቦታ አግኝታ ሞሮኮ ተካፈለች። እርሳቸውም በ1964 ዓ.ም. የአፍሪቃ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በሐምሌ 1968 ዓ.ም. በሞንትሪያል የዓለም የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ደቡብ አፍሪቃን ሲያስወግድ የካርቱሙ ክርክር ፍጻሜ አገኘ።

አቶ ይድነቃቸው በፕሬዚዳንትነታቸው ላይ እንዳሉ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ዐረፉ። ደቡብ አፍሪቃ የተመለሰችው በ1984 ዓ.ም. ነው። በጥር 1988 ዓ.ም. ነጭ አምበል ያለው፥ ነጭና ጥቁር ባንድነት የተሰለፉበት ቡድንዋ የአፍሪቃን ዋንጫ ወሰደ። በካርቱም የተጠየቀችው ይህንኑ ነበር።

በአዊ አገር ፈረስ የሚመሰገነው በግልቢያው ነው እንጂ በባለቤቱ ዘመድ ብዛት አይደለም። ተማሪዎች ቡድን ስትመርጡ፥ ወጣት ሹማምንትም ለሥራ ሰው ስትመርጡ፥ የማን ልጅ ነው ከማለት በፊት ምን ይችላል ብላችሁ እንድትጠይቁ እናሳስባለን። እንዲህ ያለው ምርጫ ዘመድንና ጓደኛን ሊያስቀይም ይችላል፤ ነገር ግን የተሸከሙት አደራ የሚፈጸመው በዚሁ መንገድ ነው።