ኒኮላይ ቦጎራዝ

ኒኮላይ አሌክሴየቪች ቦጎራዝ (ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1874 – ጁላይ 15 ቀን 1952 እ.ኤ.አ.) የሩሲያና የሶቪየት ኅብረት ቀዶ ሐኪምና የሕክምና ፕሮፌሰር ነበሩ። በአደጋ የተቆረጠን የወንድ ብልት ከታካሚው ከራሱ ቆዳና ከጎድን አጥንቱ ጫፍ በተወሰደ ለስላሳ አጥንት (ከርቲሌጅ) መልሰው በመሥራት የመጀመሪያው ሐኪም ተደርገው ይቆጠራሉ። ይህን ሥራቸውን በ1936 እ.ኤ.አ. ባሳተሙበት ጊዜ ራሳቸው ሁለቱንም እግሮቻቸውን አጥተው በሰው ሠራሽ እግር ቆመው ቀዶ ሕክምና የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። በአሁኑ ዘመን ብልት ውስጥ የሚተከሉ መሣሪያዎች ታሪክ ብዙውን ጊዜ ከእርሳቸው ሥራ ይጀምራል። የተተከለው ነገር ሲበላሽ ምን ይደረጋል፣ ወጪውንስ ማን ይሸፍናል የሚለው ጥያቄም አብሮት የመጣ ነው።

ልጅነትና ትምህርት

ቦጎራዝ የተወለዱት በአዞቭ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በታጋንሮግ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ነው። ታጋንሮግ የደራሲው የአንቶን ቼኾቭም የትውልድ ከተማ ናት። ታላቅ ወንድማቸው ቭላዲሚር ቦጎራዝ በአብዮታዊ እንቅስቃሴ ተሳትፈው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሳይቤሪያ ተግዘዋል። በግዞት ሳሉም የቹክቺን ሕዝብ ቋንቋና ባህል አጥንተው ስመ ጥር የሥነ ሰብ ተመራማሪ ሆነዋል።

ኒኮላይ የሕክምናን መንገድ መረጡ። በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ (ሴንት ፒተርስበርግ) በሚገኘው የወታደራዊ ሕክምና አካዳሚ ተምረው በ1897 እ.ኤ.አ. ተመረቁ። እርሳቸው ተማሪ ሳሉ በ1896 እ.ኤ.አ. የሩሲያ ቀይ መስቀል የዓድዋን ጦርነት ቁስለኞች ለማከም ሐኪሞችን ወደ ኢትዮጵያ ልኮ ነበር። በዚያ ጦርነት ከዘመቱት መካከል በዋግሹም ጓንጉል የተመራው የዋግ ጦር ይገኝበታል። የሩሲያ ሐኪሞች በአዲስ አበባ የከፈቱት ሆስፒታል በአገሪቱ የዘመናዊ ሕክምና ታሪክ ውስጥ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። በዚያ ዘመን የቀዶ ሐኪም ዋና ሥራ የቆሰለን ሰው ከሞት ማትረፍ ነበር። የተቆረጠ እጅ ወይም እግር ቁስሉ ደርቆ ታካሚው በሕይወት ከወጣ ሥራው እንደ ተሳካ ይቆጠር ነበር። የጎደለውን አካል መልሶ መሥራት ገና በጅምር ላይ ያለ ዘርፍ ነበር።

ከቶምስክ እስከ ሮስቶቭ

ቦጎራዝ ከተመረቁ በኋላ በሳይቤሪያ በቶምስክ ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ክፍል ሠሩ። በ1912 እ.ኤ.አ. በዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ። ዋርሶ በዚያን ጊዜ በሩሲያ ግዛት ሥር ነበረች። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በነበሩት በእነዚህ ዓመታት በጉበት በሽታ ሆዳቸው ውኃ ለሚቋጥር ሕሙማን አዲስ ቀዶ ሕክምና ሞከሩ። ከአንጀት ደም የሚሰበስበውን ትልቅ የደም ሥር ወደ ልብ ከሚወጣው ዋና የደም ሥር ጋር በመስፋት ደሙ በጉበት በኩል ሳያልፍ እንዲሄድ አደረጉ። ይህም በደም ሥር ቀዶ ሕክምና ታሪክ ውስጥ ስማቸውን አስገብቷል።

በ1915 እ.ኤ.አ. የጀርመን ጦር ወደ ዋርሶ ሲቃረብ ዩኒቨርሲቲው በዶን ወንዝ ላይ ወደ ተመሠረተችው ወደ ሮስቶቭ ከተማ ተዛወረ። ቦጎራዝም አብረው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የሕይወታቸው ታሪክ በአብዛኛው ከደቡብ ሩሲያ ጋር የተያያዘ ነው።

የ1920ው አደጋ

በ1920 እ.ኤ.አ. ቦጎራዝ 46 ዓመታቸው ነበር። በዚያ ዓመት በትራም አደጋ ሁለቱንም እግሮቻቸውን አጡ። ጊዜው የሩሲያ የእርስ በርስ ጦርነት ያልበረደበት፣ መድኃኒትና ምግብ የጠፋበት፣ ተስቦ የተስፋፋበት ነበር። የቀዶ ሐኪም ሥራ ለሰዓታት ቆሞ የሚሠራ በመሆኑ እንዲህ ያለ ጉዳት ለብዙዎች የሙያ ፍጻሜ ይሆን ነበር።

ቦጎራዝ ግን ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ተመለሱ። በሰው ሠራሽ እግር መሄድን ተለማምደው ቆመው ማከምና ተማሪዎችን ማስተማር ቀጠሉ። ከዚህ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ ሠርተዋል። በዘመኑ ሰው ሠራሽ እግር ከእንጨት፣ ከቆዳና ከብረት የሚሠራ ከባድ ዕቃ ነበር። በየጊዜው የሚያልቅ፣ የሚሰበርና የተቆረጠውን ጫፍ የሚያቆስል ነው። የተቆረጠው ጫፍ በጊዜ ብዛት ስለሚከሳም ቀድሞ ልክ የነበረው እግር ይሰፋል፤ ስለዚህ እንደገና መለካትና መቀየር ግድ ነው። እንዲህ ያለ እግር የሚጠቀም ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከሠሪው ጋር የተቆራኘ ነው።

መልሶ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና

ከአደጋው በኋላ ባሉት ዓመታት ቦጎራዝ በሮስቶቭ የሕክምና ትምህርት ቤት የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ሆነው ሳለ ትኩረታቸው የጎደለን አካል መልሶ በመሥራት ላይ ሆነ። ያጠሩ እግሮችን አጥንቱን በመቁረጥና ቀስ በቀስ በመሳብ የሚያስረዝም የራሳቸውን ዘዴ አበጁ። በአደጋ፣ በጦርነትና በበሽታ የተበላሹ የአካል ክፍሎችንም ይጠግኑ ነበር።

ለዚህ ሥራ መሠረት የሆነው የኦዴሳው የዓይን ሐኪም ቭላዲሚር ፊላቶቭ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ያስተዋወቁት ዘዴ ነው። ከሆድ ወይም ከሌላ ቦታ የተነሣ ቆዳ ሁለቱ ጫፎቹ ሳይቆረጡ እንደ ቱቦ ተጠቅልሎ ይሰፋል። ደም በጫፎቹ በኩል ስለሚያገኝ ቆዳው አይሞትም። ከሳምንታት በኋላ አንደኛው ጫፍ ተቆርጦ ወደሚፈለገው ቦታ ይዛወራል። በብሪታንያ ሃሮልድ ጊሊስ በተመሳሳይ ጊዜ ለብቻቸው ወደዚሁ ዘዴ ደርሰው ፊታቸው በጦርነት የተበላሸ ወታደሮችን አክመውበታል።

የ1936ቱ ሥራ

ቦጎራዝ ይህን ዘዴ ማንም ወዳልሞከረበት ቦታ ወሰዱት። ብልቱ ሙሉ በሙሉ ለተቆረጠ ወጣት ከሆዱ ቆዳ ቱቦ ሠርተው ወደ ቦታው አዛወሩ። ቆዳ ብቻውን ልስልስ ስለሆነ ለግብረ ሥጋ ግንኙነት አያገለግልም። ስለዚህ ከታካሚው ከራሱ የጎድን አጥንት ጫፍ ለስላሳ አጥንት ወስደው በቱቦው ውስጥ እንደ ምሰሶ ቀበሩ። ሥራው በአንድ ቀን የሚያልቅ ሳይሆን በተለያየ ጊዜ የሚደረጉ በርካታ ቀዶ ሕክምናዎችን የጠየቀ ነበር። ውጤቱን በ1936 እ.ኤ.አ. በጀርመንኛ በሚታተም የቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ።

የጽሑፉ ትልቅ ቁም ነገር ሐኪሙ የሚጠግነው ነገር ምን ያህል መሆን እንዳለበት መወሰኑ ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው ሽንቱን መሽናት ከቻለ ሕክምናው በቂ ነው ይባል ነበር። ቦጎራዝ የትዳርና የግብረ ሥጋ ሕይወትም በሐኪም ሊመለስ የሚገባው ነገር መሆኑን በሥራቸው አሳዩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፈንጂና በጥይት ብልታቸው ለተጎዳ ወታደሮች በሞስኮ አናቶሊ ፍሩምኪን ይህን መንገድ ተከትለው ሠርተዋል።

ዘዴው ጉድለት ነበረው። በሰውነት ውስጥ የተቀበረው ለስላሳ አጥንት በጊዜ ብዛት ይሟሟል፣ ይጎብጣል፣ አንዳንድ ጊዜም ቆዳውን ቀድዶ ይወጣል። ያን ጊዜ ታካሚው እንደገና ወደ ቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ መመለስ ይኖርበታል። የተተካ አካል አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያበቃ አለመሆኑ ከመጀመሪያው ጀምሮ የታወቀ ነበር።

በሶቪየት ኅብረት ሕክምና በመንግሥት በጀት የሚሸፈን ስለነበር የቦጎራዝ ታካሚዎች ለመጀመሪያውም ሆነ ለተደገመው ቀዶ ሕክምና ከመድን ድርጅት ጋር የሚከራከሩበት ምክንያት አልነበረም። ጥያቄው አልጋ፣ ሐኪምና ዕቃ መገኘቱ ላይ ነበር።

የመጨረሻ ዓመታት

ቦጎራዝ የዕድሜ ልክ ልምዳቸውን ሁለት ቅጽ ባለው «መልሶ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና» በተሰኘ መጽሐፍ አሰባሰቡ። ለዚህ ሥራቸው በ1950 እ.ኤ.አ. የስታሊን ሽልማት ተቀበሉ። በ1952 እ.ኤ.አ. በ78 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከቦጎራዝ በኋላ

ቦጎራዝ በሞቱበት በ1952 እ.ኤ.አ. ዊላርድ ጉድዊንና ዊልያም ስኮት የተባሉ የአሜሪካ ሐኪሞች በለስላሳ አጥንቱ ፋንታ ከአክሪሊክ የተሠራ ዘንግ መጠቀማቸውን አስታወቁ። የግብጹ ሐኪም ቤሄሪ ደግሞ በ1966 እ.ኤ.አ. ብልታቸው መቆም ላቃታቸው በመቶዎች ለሚቆጠሩ ወንዶች የፕላስቲክ ዘንግ መትከላቸውን ጽፈዋል። በ1973 እ.ኤ.አ. በሂውስተን ብራንትሊ ስኮትና ባልደረቦቻቸው ከሲሊኮን የተሠራ፣ ፈሳሽ የሚሞላበት መሣሪያ አስተዋወቁ። ታካሚው በቆለጥ ከረጢቱ ውስጥ የተቀመጠችውን ትንሽ ፓምፕ ሲጫን ፈሳሹ ወደ ብልቱ ሄዶ ያቆመዋል። ዛሬም በሥራ ላይ ያለው ዋናው ዓይነት ከዚህ የወጣ ነው። በስኳር በሽታ፣ በፕሮስቴት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ወይም በአደጋ ምክንያት ስንፈተ ወሲብ ላገኛቸውና በመድኃኒት ላልተሻላቸው ወንዶች ይተከላል።

ይህም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። አብዛኛው ከ10 ዓመት በላይ ቢያገለግልም ቱቦው ሊሰነጠቅ፣ ፈሳሹ ሊፈስስ፣ ፓምፑ ሊቆም ይችላል። ተሕዋስያን ከገቡበት ደግሞ መውጣት አለበት። የአምራቾች ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው የመሣሪያውን ዋጋ ነው። የቀዶ ሐኪሙ፣ የማደንዘዣውና የአልጋው ሒሳብ ለብቻው ይቀራል።

የመድን ክርክር የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ ለአረጋውያን የተቋቋመው ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት መድን በሕክምና አስፈላጊነቱ የተረጋገጠን ተከላ ይሸፍናል። ከግል መድኖች ግን የግብረ ሥጋ ችግር ሕክምናን በውላቸው በሙሉ የሚያስቀሩ አሉ። እንዲህ ያለ ውል ያለው ሰው የተተከለለት መሣሪያ ሲበላሽ ጥያቄው እንደ ቅንጦት ሊታይበት ይችላል፤ ሐኪሙ ግን የሚያየው በሰውነት ውስጥ የቀረ የተሰበረ ዕቃ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀዶ ሕክምና ምክንያት፣ የተተከለበትን ቀንና የብልሽቱን ዓይነት የሚገልጹ ሰነዶች ለውሳኔው ትልቅ ክብደት አላቸው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ወጣ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 271 ከሽፋኑ ውጭ የሚሆኑ አገልግሎቶችን ሲዘረዝር ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምናን፣ የዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራን፣ ሰው ሠራሽ ጥርስን፣ መነጽርንና የመስማት መርጃ መሣሪያን አካትቷል። የብልት ተከላ በስሙ ባይጠቀስም ዝርዝሩ የተተኪ አካላት ወጪ በአብዛኛው በታካሚው ላይ እንዲወድቅ የተደረገ መሆኑን ያሳያል።

በገጠር ዋናው መንገድ በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። አባል የሆነ ቤተሰብ በየዓመቱ መዋጮ ከፍሎ በአቅራቢያው ካለ ጤና ጣቢያ ይጀምርና ሪፈር እየተጻፈለት ወደ ላይ ይሄዳል። በዋግ ኽምራ ከዝቋላ ወረዳ ከጽጽቃ የሚነሣ ታካሚ መጀመሪያ የሚያገኘው ትልቅ ሕክምና በሰቆጣ ያለው የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ሲሆን፣ ከዚያ በላይ የሆነ ጉዳይ ወደ ደሴ ወይም ወደ ባሕር ዳር ይመራል። ሰው ሠራሽ እግር የሚሠሩ የአካል ማገገሚያ ማዕከላትም በእነዚሁ ሁለት ከተሞች ይገኛሉ። በእነዚህ ማዕከላት እንደ ቦጎራዝ ዘመን ሁሉ እግሩ የሰፋበት ወይም የተሰበረበት ሰው ለመቀየር ተመልሶ ይመጣል።