ያሬድና ትሉ

ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረ የዜማ ሊቅ ነው። እንደሚተረከው፥ በሕፃንነቱ አባቱ ስለ ሞተ እናቱ ለአጎቱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። ነገር ግን ትምህርቱ አልገባው ስላለ ተገረፈ፤ ሸሽቶም ሄደ። በመንገድ ከዛፍ ሥር ዐርፎ ሳለ አንድ ትል ፍሬ ሊበላ ወደ ላይ ሲወጣ አየ። ትሉም 6 ጊዜ ወደቀ፤ በ7ኛው ግን ከፍሬው ደረሰ። ያሬድም ይህን አይቶ ተመለሰ፤ መምህሩንም ይቅርታ ለምኖ በትጋት ተማረ። በኋላም ድጓ የሚባለውን የዜማ መጽሐፍ ደረሰ፤ የዜማዎቹም ስም ግዕዝ፥ ዕዝል፥ አራራይ ነው። እነሆ፥ ዜማው እስከ ዛሬ በየደብሩ ይሰማል። ያ ልጅ ሸሽቶ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልተሰማም ነበር። ስለዚህ ትምህርት የከበደው ልጅ 6 ጊዜ የወደቀውን ትል ያስብ።