የናፍጣ ሞተር ፈልሳፊ ሩዶልፍ ዲዝል

ባለፈው ክረምት የዕረፍት ጊዜዬን በአንድ የመኪና መጠገኛ ጋራዥ ዕቃ በማቀበል ሳሳልፍ፥ ከከባድ መኪና የወረደ ኢንጄክተር ሲፈተን አየሁ። ሜካኒኩ ኢንጄክተሩን በእጅ ከሚሠራ የመፈተኛ ፓምፕ ጋር አገናኝቶ ዘንጉን ሲጫን፥ ናፍጣው እንደ ጭጋግ ተበትኖ መውጣት ሲገባው በአንድ ወገን ብቻ ፈሰሰ፤ ጫፉም ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። እኔ ጅሉ ቀዳዳዎቹን ለማየት ጣቴን ባስጠጋ፥ እጄን በጥፊ መትቶ መለሰው። በዚያ ኃይል የሚወጣ ናፍጣ ቆዳን በስቶ ሥጋ ውስጥ እንደሚገባና እጅን እስከ ማስቈረጥ እንደሚያደርስ የተረዳሁት ከጥፊው በኋላ ነው።

ከዚያም ኢንጄክተሩን ፈታቶ በንጹሕ ናፍጣ አጠበው። ጫፉ ላይ የጠቈረውን ጥቀርሻ በነሐስ ብሩሽ አነሣ፤ የብረት ሽቦ ግን ቀዳዳዎቹን ስለሚያበላሽ አላስነካኝም። በውስጡ ያለችው መርፌ በገዛ ክብደቷ ብቻ ቀስ ብላ ስትወርድ ባየ ጊዜ ፊቱ ፈታ አለ። እንደገና ሲፈተን ጭጋጉ በሁሉም ወገን እኩል ወጣ። እኔም ይህን ነገር መጀመሪያ ያሰበው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርሁ።

ሩዶልፍ ዲዝል ከጀርመናውያን ወላጆች በፓሪስ ከተማ በ1858 ተወለደ። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጽፌአለሁ።) አባቱ በቆዳ ሥራ የሚተዳደር ሰው ነበር። በ1870 ፈረንሳይና ፕሩስያ ሲዋጉ ቤተ ሰቡ ወደ ለንደን ተሰደደ፤ የ12 ዓመቱ ልጅም ዘመዶቹ ዘንድ እንዲማር ወደ አውግስቡርግ ተላከ። በኋላም ሙኒክ ገብቶ በ1880 በከፍተኛ ማዕርግ ተመረቀ። በዚያ ያስተማረው ፕሮፌሰር ሊንደ ነው። የእንፋሎት ሞተር ከሚቃጠለው ከሰል ሙቀት ከመቶ 90 እጅ የሚያህለውን በከንቱ እንደሚያባክን ከዚህ መምህር ሰማ፤ ነገሩም ከልቡ አልወጣም።

አሳቡ እንዲህ ነበር። አየር በኃይል ሲታመቅ ይግላል፤ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ በላይ ሲደርስ ነዳጅ ቢረጭበት ያለ እሳት ብልጭታ ይቀጣጠላል። በነሐሴ 1893 በአውግስቡርግ ፋብሪካ የመጀመሪያው ሙከራ ሲደረግ ነዳጁ በድንገት ፈንድቶ የግፊት መለኪያውን ሰባበረው፤ ስብርባሪውም ዲዝልን ለጥቂት ሳተው። ሞተሩ በገዛ ኃይሉ አልዞረም። እርሱ ግን ነዳጁ በታመቀ አየር ብቻ መቀጣጠሉን ስላየ ደስ አለው። በየካቲት 1894 ሞተሩ ለ1 ደቂቃ ያህል በራሱ ዞረ። ለ1 ደቂቃ!

ትልቁ ችግር ግን ያው እኔ በጋራዡ ያየሁት ነበር፤ ነዳጁን አድቅቆ ወደ ታመቀው አየር ማስገባት። በዚያን ጊዜ ፓምፕ ብቻውን ይህን ሊያደርግ ስላልቻለ፥ ዲዝል ነዳጁን በሌላ የታመቀ አየር እያስነፋ አስገባው። በ1897 በተደረገው ፈተና ሞተሩ ከነዳጁ ሙቀት ከመቶ 26 እጅ ያህሉን ወደ ሥራ ለወጠ። እኔ እንደሚመስለኝ፥ ከ1893 እስከ 1897 ያሉት እነዚህ ዓመታት ከቀረው ዘመኑ ሁሉ ይበልጣሉ። ይሁን እንጂ አየር ማመቂያው ከባድ ስለ ነበረ ሞተሩ ለፋብሪካና ለመርከብ እንጂ ለመኪና አልሆነም። ለመኪና የሚስማማው የቦሽ ፓምፕ በብዛት መሠራት የጀመረው በ1927 ነው፤ ዲዝል ይህን አላየም።

ሀብት መጣለት፤ በሙኒክም ታላቅ ቤት ሠራ። ነገር ግን በፈጠራው መብት ክርክርና ባልተሳካ ንግድ ገንዘቡ አለቀ፤ ጤናውም ታወከ። መስከረም 29 ቀን 1913 ከአንትወርፕ ወደ እንግሊዝ አገር ለመሻገር ድሬስደን በተባለች መርከብ ተሳፈረ። ራቱን በልቶ ወደ ክፍሉ ገባ፤ በማግስቱ ማለዳ እንዲቀሰቅሱትም አዘዘ። ሲነጋ አልጋው እንደ ተነጠፈ ነበር፤ እርሱ ግን አልተገኘም። ከቀናት በኋላ የሆላንድ ጀልባ ሠራተኞች በባሕር ላይ አስከሬን አገኙ፤ በኪሱ የነበሩትን ዕቃዎች ወስደው አስከሬኑን ለባሕሩ መለሱት። ዕቃዎቹ የአባቱ መሆናቸውን ልጁ አወቀ። አንዳንዶች ራሱን ጣለ ይላሉ፤ ሌሎች ተገደለ ይላሉ፤ እስከ ዛሬ እልባት አላገኘም።

የተሳፈረባት ድሬስደን በእንፋሎት የምትሄድ መርከብ ነበረች።