ከመርሐቤቴ እስከ ባዝ፦ ብላቴን ጌታ ኅሩይና «አዲስ ዓለም»

ልብ ወለድ በምዕራፍ በምዕራፍ እየከፈልን ጭብጡ ምንድን ነው፣ ትእምርቱስ የቱ ነው እያልን ስናጠና የምንዘነጋው ነገር አለ፤ የጸሐፊው ሕይወትም የራሱ ምዕራፎች አሉት። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን «አዲስ ዓለም» ለመረዳት መጀመሪያ ሰውየውን ማወቅ ይበጃል ባይ ነኝ። ለእኛ ለመሐል ሜዳና ለአካባቢው ልጆች ደግሞ እንግዳ አይደሉም፤ የጎረቤት አገር ሰው ናቸው።

ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. በመርሐቤቴ ተወለዱ። አባታቸው የሞቱት እሳቸው ገና ልጅ ሳሉ ነው። ከመንዝ ብዙም በማይርቀው ሰላ ድንጋይ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማሩ፤ ቀጥሎም ወደ እንጦጦ ራጉኤል ዘለቁ። ይህ የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ መንገድ ነው። በ1903 ዓ.ም. ለእንግሊዙ ንጉሥ ለጆርጅ 5ኛ የዘውድ በዓል ከተላኩት ጋር ወደ ለንደን ሄዱ። በ1911 ዓ.ም. አሜሪካን አዩ፤ በ1924 ዓ.ም. ደግሞ ጃፓንን ጎብኝተው ስለ ጉዟቸው መጽሐፍ ጻፉ። በዚህ መሐል የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት መርተዋል፤ ጎሐ ጽባሕ የተባለ ማተሚያ ቤትም አቋቁመዋል። እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ።

ታዲያ ይህን ሁሉ አገር ያየ ሰው በ1925 ዓ.ም. ያሳተመው ልብ ወለድ ስለ ማን ይመስላችኋል? ስለ አንድ የተጉለት ልጅ ነው። ልጁ ፓሪስ ድረስ ሄዶ ይማርና ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለሳል። ስሙም አወቀ ነው፤ ትእምርት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ ከስሙ ይጀምራል። ዘመድ ግን የአወቀን እውቀት በጥርጣሬ ያየዋል። አባቱ ሲሞቱ ትልቅ ተዝካር እንዲደግስ ይወተውቱታል፤ እሱ ደግሞ አይሆንም ይላል። ጋብቻውንም በአዲስ ሐሳብ ያየዋል። መጽሐፉ የሚያበቃው የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ስለ ማሻሻል በሚመክሩበት ጉባኤ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን በማስታወሻ ደብተራችን ጭብጡ የአሮጌና የአዲስ ግጭት ነው ብለን እናልፋለን። ስህተት አይደለም፣ ግን ይጎድለዋል። ተዝካሩን እንደ ኋላ ቀርነት ምልክት ብቻ ካየነው ዘመድ ለምን እንደሚቆጣ አይገባንም። በእኛ አገር ተዝካር ማለት ለሟች የሚከፈል ብድር ነው፤ ያልደገሰ ልጅ አባቱን እንደካደ ይቆጠራል። ዛሬም ቢሆን በሬውን ሸጦ፣ ካልሆነም ተበድሮ የሚደግስ አለ። ኅሩይ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ስለሆኑ ይህን ከውስጥ ያውቁታል። ለዚህ ነው መፍትሔውን ከፓሪስ ሳይሆን ከራሳቸው ከካህናቱ ጉባኤ እንዲወጣ ያደረጉት። ለእኔ የመጽሐፉ ዋና ጭብጥ ይህ ነው፦ የተማረ ሰው የሚመለስበትን አገር ሳይንቅ ማረም ይችላል ወይ?

የመጨረሻው የሕይወታቸው ምዕራፍ ግን እንደ ልብ ወለዱ አላማረም። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ። ልክ እንደ አወቀ በውጭ አገር ተምሮ የተመለሰው ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ በወራሪው እጅ ተገደለ። እሳቸውም አገራቸው ነፃ ስትወጣ ሳያዩ በመስከረም 1931 ዓ.ም. ባዝ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ በ60 ዓመታቸው አረፉ። አወቀን ከፓሪስ ወደ ተጉለት የመለሱት ሰው፣ ራሳቸው ወደ መርሐቤቴ ለመመለስ አልታደሉም።

እንግዲህ «አዲስ ዓለም»ን የምታነቡ ጓደኞቼ፣ አወቀ መንደሩ የሚደርስበት ክፍል ላይ ስትደርሱ ቶሎ አትለፉት። የጸሐፊው ናፍቆትም ሥጋትም እዚያ ነው ያለው። የእኛም ጥያቄ እዚያው ነው፤ ተምረን ስንጨርስ የሚጠብቁን ያው ዘመዶቻችን ናቸውና።