ሎርድ ሻፍትስበሪና የድሃው ቀብር

መቼስ እኛ እድርተኞች የሰው ነገር ሲነሣ ቀብሩ ምን ይመስል ነበር ማለታችን አይቀርም። ዛሬ የምናወጋችሁ እንግሊዛዊ መኰንንም የሕይወቱን መንገድ የያዘው ቀብር አይቶ ነው። ዘመኑን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ሰውየው አንቶኒ አሽሊ ኩፐር፣ ሰባተኛው የሻፍትስበሪ ኧርል ይባላል። ቤተሰቡ የቆየ ስም አለው። የመጀመሪያው ኧርል፣ የታሰረ ሰው ዳኛ ፊት ይቅረብ የሚለው የ1679 ሕግ እንዲወጣ የታገለ፣ በ1683 አምስተርዳም ላይ በስደት የሞተ ፖለቲከኛ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ጆን ሎክ ያስተማረው ፈላስፋ ነበር።

የኛው ሰው በ1801 ሎንዶን ተወለደ። ቤቱ ሀብት ሞልቶታል፤ የወላጅ ፍቅር ግን አልነበረም። ያሳደገችው ማሪያ ሚሊስ የምትባል የቤት ሠራተኛ ናት። ገና ልጅ ሳለ ሞተችበትና ሰዓቷን ተናዘዘችለት። ያንን ሰዓት እስኪያረጅ ድረስ ከኪሱ አላወጣውም።

ሃሮው ትምህርት ቤት ሲማር፣ ዕድሜው ዐሥራ አራት ገደማ ሆኖ፣ አንድ ቀን ኮረብታው ላይ ጫጫታ ሰማ። ዞር ቢል፣ የሰከሩ ሰዎች የድሃ ጓደኛቸውን ሬሳ ተሸክመው እየዘፈኑና እየተንገዳገዱ ይመጣሉ። ለቀስተኛ የሚባል አንድም ሰው የለም። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ሣጥኑን ጣሉት፤ ከዚያም ይሳደቡ ጀመር። ልጁ ደርቆ ቀረ። ሰው ድሃ ስለሆነ ብቻ እንዲህ ይቀበራል? ዕድሜውን ለድሆች ሊሰጥ የቈረጠው እዚያው ላይ ነው። እንዲያው የዚያ ሟች ስም እንኳ ቢታወቅ ምንኛ ደስ ባለን!

በ1826 ፓርላማ ገባ። በ1842 ያስወጣው ሕግ ሴቶችንና ከዐሥር ዓመት በታች ያሉ ወንዶች ልጆችን ከከሰል ጕድጓድ ሥራ አወጣቸው። ሴቶችና ወጣቶች በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከዐሥር ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ለማድረግ ግን ከ1833 እስከ 1847 ታግሏል። ሕጉ ሲጸድቅ እሱ ምክር ቤት ውስጥ አልነበረም፤ ጓደኞቹ ጨረሱለት። ከሁሉ ያስቸገረው የጭስ ማውጫ ጠራጊ ሕፃናት ነገር ነው። ሕግ ይወጣል፣ የሚሰማው የለም። በ1875 ጆርጅ ብሩስተር የሚባል ልጅ ጭስ ማውጫ ውስጥ ተቀርቅሮ ሞተ። የሰባ አራት ዓመቱ ሽማግሌ እንደገና ተነሣ፤ በዚያው ዓመት ፖሊስ የሚያስከብረው ሕግ ወጣ።

ጉድለት አልነበረውም አንልም። ስለ ፋብሪካ ሲጮህ፣ በአባቱ ርስት ላይ ያሉ ገበሬዎች በፈራረሰ ጎጆ ይኖሩ ነበር፤ ተቃዋሚዎቹም ይህን እያነሡ አሳፍረውታል። በ1851 ርስቱን ሲወርስ ጎጆዎቹን ማደስ ጀመረ፤ ዕዳው ግን እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም። ደግሞም ለድሃ ይህን ያህል እያሰበ፣ ድሃው ድምፅ ይስጥ ሲባል አልወደደም። ይሄ ለኛ ግራ የሚገባ ነገር ነው።

ጥቅምት 1 ቀን 1885 በሰማንያ አራት ዓመቱ ዐረፈ። ነገሥታት በሚያርፉበት በዌስትሚኒስተር ቤተ ክርስቲያን እንዲቀበር ተጠይቆ እምቢ ብሎ ነበር። ስለዚህ ጸሎቱ እዚያ ተደርጎለት፣ ሬሳው በአገሩ መንደር በዊምቦርን ሴንት ጃይልስ ዐረፈ። በሎንዶን ጎዳና ግራና ቀኝ የቆመው ሕዝብ ብዛቱ ለጉድ ነው። አበባ ሻጮች፣ ጫማ ጠራጊዎች፣ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ የድሃ ትምህርት ቤት ልጆች ሁሉ ወጥተዋል። ጥቁር ልብስ የሌለው እንኳ ብጣሽ ጥቁር ጨርቅ ፈልጎ ልብሱ ላይ አስሮ ነበር።