አይዛክ ሲንጀር፡- የልብስ ስፌት መኪናን ወደ ቤት ያስገባ ሰው

በእግር እየተረገጠ የሚሠራውና በጥቁር አካሉ ላይ ወርቃማ ጌጥ ያረፈበት የሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና በአገራችን በልብስ ሰፊዎች በረንዳና በመኖሪያ ቤቶች ለረጅም ዓመታት ያገለገለ መሣሪያ ነው። ስሙ ከመኪናው ጋር የቀረው አሜሪካዊው አይዛክ ሜሪት ሲንጀር ግን የልብስ ስፌት መኪና የመጀመሪያው ፈልሳፊ አልነበረም። ድርሻው ሌሎች የጀመሩትን መሣሪያ ለሥራ ብቁ ማድረጉና ከፋብሪካ አልፎ በተራው ቤተሰብ እጅ እንዲገባ ማስቻሉ ነው።

ሲንጀር እ.ኤ.አ. በ1811 በኒውዮርክ ግዛት ከጀርመናዊ ስደተኛ አባት ተወለደ። ለቤተሰቡ ስምንተኛ ልጅ ሲሆን፣ ወላጆቹ በመለያየታቸው ገና በ12 ዓመቱ ገደማ ከቤት ወጥቶ ራሱን ማስተዳደር ጀመረ። በመካኒክነት ሙያ ቢሰለጥንም ልቡ ያደረው በቲያትር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1839 ለፈለሰፈው የድንጋይ መሰርሰሪያ መሣሪያ የባለቤትነት መብት አግኝቶ በ2 ሺህ ዶላር የሸጠው ሲሆን፣ ገንዘቡን የራሱን የቲያትር ቡድን አቋቁሞ ከከተማ ከተማ ሲዘዋወር ጨረሰው።

ከአሥር ዓመት በኋላ እንጨትና ብረት የሚቀርጽ ሌላ መሣሪያ ሠራ። ይሁን እንጂ መሣሪያው ይገኝበት በነበረው የኒውዮርክ ወርክሾፕ እ.ኤ.አ. በ1850 በደረሰ የእንፋሎት ጋን ፍንዳታ ወደመ። ሲንጀር ገንዘቡን በሥራው ላይ ካዋለው ጆርጅ ዚበር ጋር ወደ ቦስተን በማቅናት በኦርሰን ፌልፕስ ወርክሾፕ ሥራውን ቀጠለ። በዚያን ጊዜ ፌልፕስ ይሠራቸው የነበሩት የልብስ ስፌት መኪናዎች እየተበላሹ ለጥገና ይመለሱ ነበር። ሲንጀር መጀመሪያ ላይ መሣሪያውን በንቀት ቢመለከተውም፣ ችግሩ ስለጠናበት በዚበር ግፊት ወደ ማሻሻሉ ገባ። ከዚበር ባገኘው 40 ዶላር መነሻነት የመጀመሪያውን ናሙና በ11 ቀናት ውስጥ መጨረሱን እርሱ ራሱ ከጊዜ በኋላ ተናግሯል።

ከእርሱ በፊት ስኬታማ ለመሆን በቅቶ የነበረው መኪና ጠማማ መርፌ ወደ ጎን እየተመላለሰ የሚሰፋበት፣ ጨርቁም ቀጥ ብሎ የሚንጠለጠልበት ነበር። በመሆኑም ሰፊው በየጥቂቱ ሥራውን እያቆመ ጨርቁን እንደገና ማስተካከል ነበረበት። ሲንጀር መርፌውን ቀጥ አድርጎ ከላይ ወደ ታች እንዲሠራ፣ ጨርቁም በጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ከላይ በሚጫነው ብረት ተይዞ እንዲንቀሳቀስ አደረገ። ከሥር ያለው መወርወሪያ ሁለተኛውን ክር ይዞ በቀጥታ መስመር ይመላለሳል። እግር መርገጫው ደግሞ ሁለቱም እጆች ለጨርቁ ነፃ እንዲሆኑ ረዳ። በዚህም ረጅምም ሆነ ጠመዝማዛ ስፌት ሳይቋረጥ መስፋት ተቻለ። ሲንጀር ለዚህ ሥራው ነሐሴ 12 ቀን 1851 (እ.ኤ.አ.) የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተሰጠው።

መብቱን በእጁ ማስገባቱ ግን ከክስ አላዳነውም። የልብስ ስፌት መኪና ታሪክ ቀድሞም ቢሆን በውዝግብ የተሞላ ነበር። ፈረንሳዊው ባርተሌሚ ቲሞኒዬ እ.ኤ.አ. በ1830 የባለቤትነት መብት ያገኘባቸውን መኪናዎች፣ እንጀራችንን ያሳጣናል ብለው የሰጉ የፓሪስ ልብስ ሰፊዎች ሰባብረውበታል። አሜሪካዊው ዋልተር ሀንት ጫፏ ላይ ቀዳዳ ያላት መርፌ የምትሠራበትን መኪና በ1830ዎቹ ቢሠራም መብቱን በወቅቱ አላስመዘገበም። ይህንኑ መርፌ ከመወርወሪያ ጋር አጣምሮ እ.ኤ.አ. በ1846 በስሙ ያስመዘገበው ኤሊያስ ሀው ነበር። ሀው ገዢ ፍለጋ እስከ እንግሊዝ ተጉዞ በድህነት ሲመለስ፣ የእርሱን ሐሳብ የያዙ መኪናዎች በአገሩ ገበያ ሲሸጡ አገኘ። በመሆኑም አምራቾችን በፍርድ ቤት የከሰሰ ሲሆን፣ ሲንጀርም እ.ኤ.አ. በ1854 ለሀው 15 ሺህ ዶላር ለመክፈል ተገደደ።

ክሱ በዚህ አላበቃም። እያንዳንዱ አምራች ለጥሩ መኪና ከሚያስፈልጉት ክፍሎች የአንዱን ወይም የሌላውን መብት ይዞ ስለነበር አንዱ ሌላውን ሳይነካ ማምረት አልቻለም። ችግሩ የተፈታው እ.ኤ.አ. በ1856 ሀው፣ የሲንጀር ድርጅትና ሌሎች ሁለት ዋና ዋና አምራቾች መብቶቻቸውን በጋራ ለመጠቀም በመስማማታቸው ነው። በስምምነቱ መሠረት ለእያንዳንዱ መኪና የተወሰነ የፈቃድ ክፍያ ይፈጸም የነበረ ሲሆን፣ ሀውም ድርሻውን እያገኘ ሀብታም ለመሆን በቃ።

ቀጣዩ ጥያቄ የዋጋ ነበር። የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ከ100 ዶላር በላይ ይሸጡ የነበረ ሲሆን፣ በወቅቱ የአንድ አሜሪካዊ ቤተሰብ ዓመታዊ ገቢ በአማካይ 500 ዶላር ያህል ነበር። የሲንጀር ሸሪክ የነበረው ጠበቃ ኤድዋርድ ክላርክ መኪናውን በትንሽ ቅድሚያ ክፍያ አስረክቦ ቀሪውን በየወሩ የመሰብሰብ ዘዴን በ1856 ሥራ ላይ አዋለ። በዚያው ዓመት ድርጅቱ ለመኖሪያ ቤት የታሰበ አነስተኛ መኪና ለገበያ አቀረበ። በመሸጫ አዳራሾቹም ወጣት ሴቶች በሕዝብ ፊት እየሰፉ መኪናውን ለማንቀሳቀስ የተለየ ጉልበትም ሆነ ሙያ እንደማያስፈልግ አሳዩ። በ1853 የተሸጡት የሲንጀር መኪናዎች 810 ብቻ የነበሩ ሲሆን፣ በ1876 ግን ከ262 ሺህ በላይ ደርሰዋል።

መኪናው ለቤት እመቤቶች ያመጣው ለውጥ በሰዓት የሚለካ ነበር። በዘመኑ በተደረገ ንጽጽር በእጅ ከ14 ሰዓት በላይ የሚፈጀው የወንድ ሸሚዝ በመኪና በአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ተሰፍቶ አልቋል። እ.ኤ.አ. በ1863 ኤቤኔዘር በተሪክ የተባለ ልብስ ሰፊ በልክ የተዘጋጁ የወረቀት ቅዶችን መሸጥ ሲጀምር ደግሞ፣ የሰፊ ሙያ የሌላት እናት የልጆቿን ልብስ ራሷ ቆርጣ መስፋት ቻለች። አሮጌውን ማደስ፣ የታላቁን ለታናሹ ማሳጠር፣ በገዛ እጅ የተሠራውን ለብሶ መታየት የብዙ ቤተሰቦች ደስታ ሆነ። በአንጻሩ ለነጋዴዎች በቁራጭ ሒሳብ ይሰፉ የነበሩ ድሆች ሴቶች ሥራው ቢፈጥንላቸውም ክፍያቸው ከዝቅተኛነት አልወጣም።

የሲንጀር የግል ሕይወት እንደ ስፌቱ የተስተካከለ አልነበረም። ከተለያዩ ሴቶች ቢያንስ 24 ልጆችን የወለደ ሲሆን፣ የተደበቀው ኑሮው እ.ኤ.አ. በ1860 አደባባይ ሲወጣ አሜሪካን ለቆ ወደ አውሮፓ ሄደ። ከክላርክ ጋር የነበረው ሽርክና በ1863 ፈርሶ በምትኩ የሲንጀር አምራች ኩባንያ ተቋቋመ። ሁለቱም የድርጅቱን የዕለት ተዕለት አመራር ለሌሎች አስረክበው ባለ አክሲዮን ሆነው ቀጠሉ። ማህተማ ጋንዲ የልብስ ስፌት መኪናን ከሚነቅፏቸው ማሽኖች ለይተው ሲያወድሱ፣ ሲንጀር የሠራው ለሚስቱ ድካም አዝኖ እንደሆነ ገልጸው ነበር። የሕይወት ታሪኩ ግን ወደዚህ ሥራ የመራው ገንዘብ ማጣት መሆኑን ያመለክታል።

ሲንጀር በእንግሊዝ አገር በፔይንተን ከተማ ያስጀመረው ታላቅ መኖሪያ ቤት ሳይጠናቀቅ ሐምሌ 23 ቀን 1875 (እ.ኤ.አ.) በ63 ዓመቱ አረፈ። በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ሀብት ትቶ ያለፈ ሲሆን፣ ኩባንያው ከአሥር ዓመት በኋላ በስኮትላንድ ክላይድባንክ የከፈተው ግዙፍ ፋብሪካ እስከ 1980 ድረስ ሲያመርት ቆይቷል። በእነዚያ ዓመታት ከተሠሩት መኪናዎች መካከል ዘይት እየተቀቡና ቀበቷቸው እየተቀየረ ዛሬም የሚሰፉ አሉ።