ከ91 እንስሳት የተጀመረ ሥራ
የዶክተር ካታሪና ሃይንሮት የሕይወት ታሪክ

ታሪክ ስናነብ ብዙ ጊዜ የምናገኘው ጦር የመሩትንና አገር የገዙትን ሰዎች ነው። በዚህ ጽሑፋችን ግን ጦርነት ያፈረሰውን ተረክበው መልሰው ያቆሙትን አንዲት ሴት ልናስተዋውቃችሁ ወደድን። እኒህ ሴት ከ1945 እስከ 1956 የበርሊንን የአራዊት መጠበቂያ የመሩት ዶክተር ካታሪና ሃይንሮት ናቸው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ካታሪና በ1897 ብሬስላው በምትባል ከተማ ተወለዱ። ከተማዋ በዚያን ጊዜ የጀርመን ነበረች፤ ዛሬ የፖላንድ ናት። በልጅነታቸው ቢራቢሮ መከታተል የጀመረው ፍቅራቸው ወደ እንስሳት ሳይንስ ወሰዳቸውና በ1923 የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበሉ። በዚያ ዘመን ግን ለተማረች ሴት የሚገባትን ሥራ ማግኘት ቀላል አልነበረም። ስለዚህ በረዳትነትና በጸሐፊነት ጭምር እየሠሩ ኖሩ። በ1933 የአእዋፍ ሊቅና የበርሊን የዓሣ ማሳያ ኃላፊ የነበሩትን ኦስካር ሃይንሮትን አገቡ። ባልና ሚስቱ ርግቦች ከሩቅ አገር ወደ ቤታቸው እንዴት እንደሚመለሱ አብረው ያጠኑ ነበር።

የበርሊን የአራዊት መጠበቂያ የተከፈተው በ1844 ሲሆን፥ በጀርመን አገር የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ከ3 ሺህ 700 በላይ እንስሳት ነበሩት። በኅዳር ወር 1943 በከተማይቱ ላይ የወረደው የቦምብ ናዳ ግን ቤቶቹን አፈረሰ፤ የዓሣ ማሳያውም ወደመ። በ1945 የጸደይ ወራት ውጊያው ራሱ እግቢው ውስጥ ገባ። ተኩሱ ሲቆም በሕይወት የተቆጠሩት እንስሳት 91 ብቻ ነበሩ። ከነዚህም መካከል ሲያም የሚባለው ዝሆን፥ ሱዘ የምትባለው ቺምፓንዚና ክናውችኬ የሚባለው ገና ግልገል የነበረ ጉማሬ ይገኙ ነበር።

የቀድሞው ዲሬክተር ከተማይቱን ትተው ሄደው ነበር። የካታሪና ባለቤትም ታመው በግንቦት ወር መጨረሻ ዐረፉ። ባልዋ የሞተባት፥ ከተማዋ የፈረሰባት ሴት ሁሉን ትታ ብትሄድ ማን ይፈርድባት ነበር? እርሳቸው ግን ቀሩ። በዚያው ዓመት የአራዊት መጠበቂያው ኃላፊነት ተሰጣቸው፤ በጀርመንም ይህን ሥራ የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ።

እዚህ ላይ በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። በርሊን ያን ጊዜ የተራበች ከተማ ነበረች። በአራዊት መጠበቂያው አጠገብ ያለው ትልቅ መናፈሻ ዛፉ ለማገዶ ተቆርጦ መሬቱ ድንችና አትክልት ተዘርቶበት ነበር። ከ1948 እስከ 1949 መንገዱ ሁሉ በተዘጋ ጊዜ ደግሞ ለምዕራብ በርሊን ምግብና ከሰል በአውሮፕላን ይገባ ነበር። ታዲያ ሰው እየተራበ ዝሆን መቀለብ ተገቢ ነውን? አንዳንዶቻችን አይገባም አልን። ሌሎቻችን ደግሞ እንዲህ ስንል ተከራከርን፦ በዱር ያለ አውሬ ምግቡን ራሱ ይፈልጋል፤ በግቢ የተዘጋበት ግን የሚበላው ሰው ሲሰጠው ብቻ ነው። ስለዚህ በሩን የዘጋው ሰው የመቀለብም ዕዳ አለበት። ደግሞም ከፍርስራሽ በቀር የሚያዩት ላልነበራቸው የከተማው ልጆች አንድ ሕያው ጉማሬ ማየት ቀላል ነገር አልነበረም። ከብዙ ክርክር በኋላ አብዛኞቻችን በዚህ ተስማማን።

ዶክተር ካታሪና የተረፈውን በመጠበቅ ብቻ አልተወሰኑም። ፍርስራሹ ተጠረገ፤ እንስሳት ቀስ በቀስ ተሰበሰቡ። ቀድሞ የአራዊቱ ቤቶች የሩቅ አገር ቤተ መቅደስና ቤተ መንግሥት አስመስለው ይሠሩ ነበር፤ ዝሆኖቹ የሚኖሩትም በፓጎዳ መልክ በታነጸ ቤት ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት ለዝሆኖችና ለጉማሬዎች አዳዲስ ዘመናዊ ቤቶች ተሠሩ። ያ ከጦርነት የተረፈው ክናውችኬም አድጎ አባት ሆነ። በ1952 የተወለደችው ልጁ ቡሌተ እስከ 2005 ድረስ ኖራለች።

ይሁን እንጂ በዚያ ወንበር ላይ ሴት መቀመጧን ያልወደዱ ሰዎች ነበሩ። ዶክተር ካታሪና በ1956 መጨረሻ ሥራውን ለሌላ አስረከቡ። ከዚያ በኋላም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ1971 የባለቤታቸውን፥ በ1979 ደግሞ የራሳቸውን የሕይወት ታሪክ የያዙ መጻሕፍት አሳተሙ። በ1989 በ92 ዓመታቸው በበርሊን ዐረፉ። ዛሬ በአራዊት መጠበቂያው አጠገብ በቦዩ ዳር ያለው መንገድ በስማቸው ይጠራል።

እኛ ወጣቶች ኃላፊነት ስንቀበል ብዙ ጊዜ የምናማርረው ስለ ጐደለው ነገር ነው። ገንዘብ የለም፥ ዕቃ የለም፥ ሰው የለም እንላለን። ዶክተር ካታሪና ግን የጠፉትን ሦስት ሺህ ስድስት መቶ እንስሳት እየቈጠሩ ቢያዝኑ ኖሮ የተረፉትም 91 በረኀብ ባለቁ ነበር። እርሳቸው በእጃቸው ከቀረው ጀመሩ። እኛስ ዛሬ በእጃችን የቀረው ምን ያህል ነው? ቈጥረነው እናውቃለን?